ዝናሽ ስለ ውሻዋ የነገረችኝ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ወጣት የውሻ ክትባት ይዞ ሰቆጣ ያለው ግቢዬ ድረስ መጣ። የበረዶ ሣጥኑን ከትከሻው አውርዶ ደረጃው ላይ አስቀመጠ፤ መዝገቡንም ገለጠ። ውሻዬን ግን ወዲያው አልነካውም። ራቅ ብሎ ቁጢጥ አለና ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ቀና ብሎ፣ "እማማ፣ ሰሞኑን ጸባዩ ተቀይሮብዎታል? እንደ ወትሮው ይበላል? ድምፁስ?" አለኝ።

ዐይኔ የውሻዬ መንጋጋ ላይ ቀረ። ጆሮዬ የከበደ መስሎት ጥያቄውን ጮክ ብሎ ደገመልኝ።

"ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይጠጣል" አልኩት።

ወጋው፤ ወረቀቱን ሰጠኝ፤ በአጭር ገመድ እንዳላስረው፣ ውሃም እንዳላጓድልበት መክሮኝ ወደ ጎረቤት አለፈ። ጎበዝ ልጅ ነው። ከመርፌው በፊት ባለቤቱን ይጠይቃል፤ ጠይቆም መልሱን ይጠብቃል። እኔ በእሱ ዕድሜ ይህንኑ ሥራ ስሠራ መጠየቅም ሆነ መጠበቅ አላውቅም ነበር። በሩን ዘግቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ እስኪመሽ ድረስ ምንም ሥራ አልሠራሁም።

የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የእንስሳት ጤና ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ተወለድኩባት ሰቆጣ ተመልሼ ሥራ ይዤ ነበር። በዚያ ዓመት በገጠሩ ውሻ የነከሳቸው ሰዎች በዙና፣ እኔ በየጎጡ እየዞርኩ የውሻ ባለቤቶችን እንዳስተምር ተመደብኩ። ውሻ ቀን ቀን እንዴት እንደሚታሰር፣ ለምን እንደማይደበደብ፣ ሲበላ ልጅ ለምን እንደማይጠጋው፣ ያበደውን ከጤነኛው እንዴት እንደሚለዩት። ከመሥሪያ ቤታችን ባለሙያዎች ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ወንዶቹ በሬና በቅሎ ያክማሉ፤ እኔ "የውሻ ሐኪሟ" ተባልኩ። የሄድኩበት ጎጥ ሁሉ ቢያንስ አንድ ሽማግሌ፣ "ለሰው ሐኪም ሳይኖረን ለውሻ ላኩልን?" ብሎ ሰዉን ያስቃል። አብሬ እስቃለሁ። ማታ ግን ያበግነኛል።

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር ነበር። ውሻ እፈራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እፈራለሁ። ሠልጣኝ ሳለሁ እንኳ ውሻ የሚያዝበት ልምምድ ሲደርስ መጻፊያውን ይዤ ጥግ እቆም ነበር። እየዞርኩ ስለ ውሻ የማስተምረው በትር ይዤ፣ ከሩቅ ቆሜ ነበር። ሰዉ በትሩን የሥልጣን ምልክት ያደርገው ነበር መሰለኝ።

የምነግራችሁ የሆነው ዐቢይ ጾም ከገባ በሦስተኛው ሳምንት ነው። የጎጧን ስም አልጠራም፤ ከሰቆጣ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ናት። ጎሕ ሲቀድ ተነስቼ፣ ኪሴን ቆሎ ሞልቼ፣ ጨው ይዘው ከሚመለሱ አህያ ነጂዎች ጋር ወጣሁ። የዋግ መጋቢት ያው ነው። የማሽላው ማሳ ታጭዶ አገዳው ብቻ ቆሟል፤ ድንጋዩ ገና በጠዋቱ መጋል ይጀምራል፤ አቧራው ከጉልበት በታች ያለውን ሁሉ ቀይ ያደርጋል። ወንዙ ደርቆ ሴቶች አሸዋ እየጫሩ ውሃ ይቀዱ ነበር። አንዷ በቅል ቀድታ ሰጠችኝ፤ አሸዋው ጥርሴ ላይ እየተንኮሻኮሸ ጠጣሁት። እንደዚያ የጣመኝ ውሃ ብዙ አላስታውስም።

እሑድ ስለነበር ሰዉ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ቆየኝ። ወንዶቹ ድንጋይ ላይ፣ ሴቶቹ ከኋላ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የያዝኩትን ሥዕል ዛፉ ላይ ሰቀልኩ። ዐይኑ የቀላ፣ አፉ አረፋ የደፈቀ፣ ያገኘውን እየነከሰ የሚሮጥ ውሻ ነው። "ያበደ ውሻ ማለት ይህ ነው" አልኳቸው። ጥሩ ተናገርኩ። ያን ቀን ማንም አላሾፈብኝም፤ የቀበሌው ሊቀመንበርም ደጋግመው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

ጥያቄ ያለው ስል አንዲት ሴት ከኋላ ተነሳች። ሕፃን አዝላለች። ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። ስሟ ዝናሽ ነው። አፏን የፈታችው በኽምጣና ነው፤ አማርኛ ስትናገር ቃሉን እየመረጠች፣ አንዱን ከጨረሰች በኋላ ነው ሌላውን የምታነሳው።

"የኔ ውሻ አይሮጥም" አለች። "ሰውም አልነከሰ። ዝም ነው ያለ። ድምፁ ግን የሱ ድምፅ አይደለም።"

"የማን ሆነና?" አለ አንዱ፤ ሰዉ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። "ውሃ ስሰጠው ይመጣል፤ አፉን ይነክራል፤ አይውጥም። መንጋጋው ወርዷል። ለሃጩ ይፈሳል። ወደኔ ያያል፤ ግን አያየኝም።"

አሁን ሳስበው፣ በሥራ ዘመኔ ሁሉ ከባለቤት አፍ እንደዚያ የጠራ የበሽታ ምልክት ሰምቼ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን የሰማሁት የታመመ ውሻ የምታቀማጥል ሴት ወሬ ነበር። ሥዕሌ ዛፉ ላይ ተሰቅሏል፤ የእሷ ውሻ ሥዕሉን አይመስልም። ሰዉም መልስ ይጠብቃል።

"አጥንት ተሰንቅሮበት ነው" አልኩ።

"አጥንት ከየት አባቱ?" አለች። "ከቅበላ ወዲህ በዚህ አገር ሥጋ የበላ የለም።"

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ወደኔ ዞረ። እውነቷን እንደሆነ የገባኝ ያኔውኑ ነው። አላውቅም፣ ልጠይቅና ልመለስ ማለት እችል ነበር። እኔ ግን፣ "እናንተ ጾማችሁ እንጂ ውሻ መቼ ይጾማል? ከሜዳ ያነሳል" አልኩ። የወንዶቹ ሳቅ ዛፉ ላይ ያሉትን ወፎች አስነሳ። ዝናሽ ራሷም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ሊቀመንበሩ "ተማሪ ማለት እንዲህ ነው!" አሉ። ደስ አለኝ። ይህንን መጻፍ ያሳፍራል፤ ግን በጣም ደስ አለኝ።

ሰዉ ሲበተን ዝናሽ ጠብቃ፣ "ቤቴ ቅርብ ነው፤ እዪልኝ" አለችኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም። ባሏ አያ ኪሮስ ከብት ይዘው ወደ ሩቅ ግጦሽ ወርደው ስለነበር ቤቱ ባዶ ነው። ውሻው መከታ ይባላል፤ ደረቱ ላይ ነጭ ያለበት ቀይ ውሻ። ጥላ ሥር በጠፍር ታስሮ ተኝቷል። ስገባ አልጮኸብኝም፤ ራሱንም ቀና አላደረገም። እኔ በትሬን ጨብጬ፣ ምነው ውሻ ሁሉ እንደዚህ በሆነ ብዬ እያሰብኩ ነበር።

"እንግዳ አይቶ ዝም ብሎ አያውቅም" አለች ዝናሽ ቀስ ብላ።

"ስለታሰረ ነው። አፉን ክፈቺና ጣትሽን ወደ ጉሮሮው ሰደድ አድርገሽ ፈልጊ።"

አየችኝ። "አንቺ አታዪውም?"

"የሚያውቀው አንቺን ነው። በእኔ ይደነግጣል።"

እኔ ስለፈራሁ ነው። ከግንቡ ጋር ተለጥፌ ነበር የቆምኩት። ዝናሽ ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ ለእኔ ሰጠችኝ። ልጅቷ ሞቅ ያለች፣ እንቅልፍ የከበዳት ነበረች፤ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ዝናሽ ከውሻው ፊት ተንበረከከች፤ በኽምጣና እያባበለች የወረደውን መንጋጋ በአንድ እጇ ያዘች፤ ሌላውን እስከ አንጓዋ አስገባች። ውሻው አልነከሳትም። ቆይታ እጇን አወጣች። በለሃጭ ርሷል፤ ከአውራ ጣቷ በታች ጥርሱ ጭሯት ደም ፈንጥቋል።

"ምንም የለም" አለች እጇን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች።

"እንግዲያው ጉሮሮው አብጦ ነው። ለብ ያለ ውሃ በማር ስጪው" አልኳት።

እጇን አለቅልቃ የማሽላ እንጀራ በሽሮ አቀረበችልኝ። በልቼ፣ መርቄያት ወደ ሰቆጣ ተመለስኩ።

ከሳምንት በኋላ ከዚያች ጎጥ የመጣ አንድ ገበሬ የታመመ በሬውን እያሳከመ፣ "የዝናሽን ውሻ አጥንቱ ገደለው እኮ። አንቺ በሄድሽ በሦስተኛው ቀን" አለኝ። ምሳ አልበላሁም። ቤቴ ሄጄ የትምህርት ቤት ደብተሬን ከሣጥን አወጣሁ። አንድ አንቀጽ ነበር። ያበደ ውሻ ሁሉ አይሮጥም፤ ዝም የሚለው አለ፤ ድምፁ ይለወጣል፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ መዋጥ ያቅተዋል፤ ብዙ ሰው አጥንት የተሰነቀረበት እየመሰለው እጁን ያስገባል። በራሴ እጅ ጽፌው፣ ከሥሩ አስምሬበት ነበር።

ያኔውኑ ተነስቼ መሄድ ነበረብኝ። መንገዱ ግማሽ ቀን ነው። መድኃኒቱ ሰቆጣ ሐኪም ቤት አለ፤ በዚያ ዘመን ብዙ ቀን ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ ነበር፣ ግን ያድን ነበር። እኔ ግን እውነትም አጥንት ቢሆንስ፣ ሰዉ ምን ይለኛል፣ ሊቀመንበሩ ምን ይላሉ እያልኩ ቆየሁ። በመጨረሻ ለአንድ ገበያተኛ፣ "ዝናሽ ሰቆጣ ስትመጣ ብቅ ትበልብኝ" ብዬ ላክሁ። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም።

በሚቀጥለው ገበያ መጣች። በትንሽ ቅል ማር ይዛልኝ ነበር። ለወዳጅነት የጠራኋት መስሏት፣ ፊቷ በርቶ፣ የተከራየኋት ክፍል በር ላይ ቆመች። አስገባኋት፤ ምሳ አቀረብኩላት። ስለ ከብቶቹ፣ ስለ ውሃው መራቅ፣ ጥርስ ስለምታበቅለው ልጇ አወራችኝ። መከታ ከሞተ ወዲህ ጅቡ እስከ በር እየመጣ አስቸግሯቸዋል። እኔ እጇን እጇን አያለሁ።

"እጅሽ እንዴት ሆነ?" አልኳት በመጨረሻ።

ዘረጋችልኝ። ቀጭን ጠባሳ ብቻ ነበር። "ድኗል። ምንም አላለኝም" አለች፤ ስለጠየቅኋትም አመሰገነችኝ።

ሐኪም ቤቱ ከእኔ ቤት አንድ እፍኝ ቆሎ ተቆርጥሞ ሳያልቅ ይደረሳል። ነይ እንሂድ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ይህን አንዴ ካልኩ ግን ቀጥሎ "ለምን?" ይመጣል። ለምን ለሚለው ደግሞ መልሱ እኔው ነኝ። ጠባሳውን ደግሜ አየሁት፤ እንዲህ የዳነ ቁስል ምን ያደርጋል አልኩ። ቁስሉ ቢድንም በሽታው ውስጥ እንደሚቀር አውቃለሁ እኮ፤ ተምሬዋለሁ። እስከ መንገዱ ሸኘኋት። ታጥፋ እስክትጠፋ ድረስ ቆሜ ካየኋት በኋላ ሸክም እንደወረደለት ሰው ተንፍሼ ተመለስኩ። ከሠራሁት ሁሉ ዛሬም የማልችለው ያን እፎይታዬን ነው።

ከትንሣኤ በኋላ፣ ግንቦት ሲጋመስ፣ በቃሬዛ ሰቆጣ ሐኪም ቤት አመጧት። ውሃ ሲያሳዩዋት ትንቀጠቀጣለች አሉ። ሰምቼ ሄድኩ፤ ግን ከበሩ አላለፍኩም። አያ ኪሮስ ሲያዩኝ፣ "ሐኪሟ መጣችልሽ" አሏት። ዞር አለች። ለሚያያት ከባድ ነበር፤ አእምሮዋ ግን በዚያች ሰዓት ደህና ነበር።

"መጣሽ?" አለችኝ። "ልጄን ወደኔ እንዳያቀርቡብኝ ንገሪያቸው። አንቺ ስትናገሪ ይሰሙሻል።"

ነገርኳቸው። በማግስቱ ሞተች።

አለቃዬ ሴትዮዋ እንዴት እንደተያዘች ሪፖርት ጻፊ አሉኝ። ጻፍኩ። "የውሻው ባለቤት በነበረባት የግንዛቤ እጥረት ምክንያት ባለሙያ ሳታማክር እጇን በታመመ ውሻ አፍ ውስጥ በማስገባቷ" የሚል ነው። ፊርማዬም ከሥሩ አለ። ያ ወረቀት ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ቃሉ ግን አንድም አልጠፋብኝም።

ከአርባዋ በኋላ አያ ኪሮስ መሥሪያ ቤቴ መጡ። ጥቁር ለብሰው፣ ጢማቸው አድጎ ነበር። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ። እሷ፣ ሐኪሟ አፉን ክፈቺ ብላኝ ከፈትሁ ብላኝ ነበር። እውነት ነው?"

ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ሁለት ባለሙያዎች ነበሩ። መጻፋቸውን አቆሙ።

"አያ ኪሮስ፣ እኔ እንዳትከፍቺ ነው ያልኳት" አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። "ምናልባት አማርኛውን በደንብ አልሰማችው ይሆናል።"

ብዙ ጊዜ መሬት መሬት አዩ። የእሳቸውም አማርኛ እንደ እሷው ነበር፤ ተቃንቶ የማይወጣ፣ የሚያሳፍራቸው። "ይሆናል" አሉ። "አማርኛችን ጎደሎ ነው። እንግዲህ ይቅር በይን፤ አድክመንሻል።"

ይቅርታ ጠይቀውኝ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን ተማርኩት ማለት እችላለሁ። የውሻ ፍርሃቴንም በግድ አስለቀቅሁት። በደሃናም በፃግብጂም ብዙ ዓመት አስተማርኩ፤ ሥዕሉንም ጣልኩት። ሰው እንዲሰማኝ የማደርገው አንድ ታሪክ በመንገር ነበር። "አንዲት ሴት ነበረች፤ ባለሙያ ሳታማክር..." ብዬ እጀምራለሁ። ሴቶች ያለቅሳሉ፤ ባሎች በማግስቱ ውሻቸውን ጎትተው ለክትባት ያመጣሉ። በዚያ ታሪክ የዳኑ ሰዎች መኖራቸውን አልጠራጠርም። ዝናሽን ግን በየጎጡ ደንቆሮ አድርጌያታለሁ፤ እስከ ጡረታዬ ድረስ።

አያ ኪሮስ ገበያ ላይ ሲያገኙኝ ጎንበስ ብለው፣ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ነበር ሰላም የሚሉኝ። ልጅቷን ሰቆጣ አምጥተው ትምህርት ቤት ሲያስገቡ ያማከሩትም እኔን ነው። ሁለት ዓመት ሆናቸው ከሞቱ። ለምለም፣ ያን ቀን ትከሻዬ ላይ የተኛችው ሕፃን፣ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ እዚሁ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆና ትሠራለች።

የክትባቱ ልጅ በመጣ በሳምንቱ ቤቷ ሄድኩ። ልጆቿን ወደ ውጭ እንድትልክ ለምኜ፣ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳት፤ ሪፖርቱንም፣ ያን የገበያ ቀንም። አላቋረጠችኝም። 

"አባቴ ከቤቱ ልጆች ሁሉ እኔን ለይቶ ለምን እዚህ እንዳመጣኝ ያውቃሉ?" አለችኝ። "እናትሽ አማርኛ ባለማወቋ ነው የሞተችው ይለኝ ነበር። በኽምጣና ስመልስለት ይቆጣኛል። አሁን የእናቴን ቋንቋ እሰማለሁ እንጂ አልናገረውም።"

"እናትሽ አማርኛ ታውቅ ነበር" አልኳት። "ያየችውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነው የነገረችኝ።"

"አባቴ ይህን ሳይሰማ ሞተ ማለት ነው?"

"አልሰሙም።"

ተነስታ በሩን ከፈተችልኝ። "ይቅር በይኝ ሊሉኝ ከሆነ አይበሉኝ፣ እትዬ። አልችልም" አለች። አልጮኸችም፤ እኔም አላልኳትም።

አሁን መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊቷን አዙራ ታልፋለች። ምን እንዳጣላን ጎረቤቶች ይጠይቁኛል፤ ሊያስታርቁን የተነሱም አሉ፤ ተዉን እላቸዋለሁ። እዚያች ጎጥ ወርጄ ለቀሩት ሰዎችም መናገር እንዳለብኝ አውቃለሁ። ጉልበቴ ደክሟል፣ መኪናም አሁን እስከዚያ ድረስ ይገባል፤ ስለዚህ ጉልበቴን ምክንያት ማድረግ አልችልም። ለምለም ፊቷን ስታዞርብኝ ያመኛል። አያ ኪሮስ ጎንበስ ብለው ሲጨብጡኝ ግን ከዚህ የባሰ ያመኝ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያን ሰላምታ በሁለት እጄ ተቀበልኩ።